አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ

አፈወርቅ የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ የራሱንም ቢሆን ሰው ፊት የማይቆጥር ሰው ነው። በደጋማዋ የዘመሮ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት «ለሻይ» ብሎ እጁን የዘረጋለትን ባለጉዳይ ሁሉ ገሥጾ መልሷል። ሰዉ ይህን ያውቃል። እሱም ሰዉ ማወቁን ያውቃል፤ ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ወደ ክሪፕቶው፣ ማለትም ወደ ዲጂታል ገንዘቡ መንደር የገባው ግን ተጭበርብሮ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን፣ የከተማው ወጣት ሁሉ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ «ኮይን እየሠራሁ ነው» ይል ነበር። አፈወርቅም በአርባ ስድስት ዓመቱ «እስቲ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ገባበት። ዜልቫ የሚባል ኮይን ነው። ስድስት ሺህ ብር አውጥቶ ጥቂት ገዛ። በሳምንቱ «የዜልቫ ሠራተኛ ነኝ፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ የሂሳብዎ ቁልፍ የሆኑትን አሥራ ሁለት የምስጢር ቃላት ይላኩልኝ» የሚል መልእክት ደረሰው። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ ስላስታወስከኝ» ብሎ፣ አመስግኖ ላከ። ሂሳቡ በደቂቃ ውስጥ ባዶ ሆነ። ከማፈሩ የተነሳ ለሚስቱ ለዓለሚቱ እንኳ አልነገራትም።

ሌላ ሰው ቢሆን እርግፍ አድርጎ ይተወው ነበር። አፈወርቅ ግን እልኸኛ ነው። የዜልቫ የአማርኛ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ያንን ሌባ ማደን ጀመረ። እሱን አላገኘውም፤ በፍለጋው ላይ ግን ሌሎች አሥራ አራት አጭበርባሪዎችን እጅ ከፍንጅ ያዘ። የዜልቫ ሰዎች ይህን አይተው «በበጎ ፈቃድ ሞደሬተር ትሆንልናለህ?» አሉት። የግሩፑ ጠባቂ ማለት ነው፤ ሌባውን የሚያስወጣ፣ ተሳዳቢውን ዝም የሚያሰኝ፣ ያልገባው ሲጠይቅ የሚያስረዳ። ክፍያ የለውም። አፈወርቅ ክፍያ የለውም ሲባል ይበልጥ ደስ አለው፤ ክፍያ የሌለው ሥራ ክብር አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት አንድ መልእክት ይለጥፋል፤ «አሥራ ሁለቱን ቃላት ለማንም እንዳትሰጡ። ለሚስታችሁም ቢሆን፣ ለነፍስ አባታችሁም ቢሆን።» አንዱ ፌዘኛ «ጋሽ አፈወርቅ፣ ለነፍስ አባቴ ደብቄማ ንስሐዬ አይቆጠርልኝም» ብሎ ሲጽፍለት «ኃጢአትህን ተናዘዝ፣ ቃላቱን ግን ያዝ» ብሎ መለሰለት። ግሩፑ ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው «ጋሽ አፈወርቅ» ይለዋል፤ ዘመሮ ከነገጠሩ ተሰብስቦ እንኳ እንዲህ አክብሮ ጠርቶት አያውቅም።

ሥራው እየበዛ ሲሄድ ሁለት ረዳቶች መረጠ። አንዷ ሐጂራ ናት፤ የሸዋሮቢት ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ከእናቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀምጣለች። ሁለተኛው ወዳጆ ነው፤ ራቤል ውስጥ በተከራያት ኪዮስክ ስልክ የሚጠግን፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ አፉ ፈጣን፣ ልቡ ደግ የሆነ ጎልማሳ። ሦስቱ ቀኑን ተከፋፍለው ግሩፑን ይጠብቃሉ። አፈወርቅ በአካል የሚያውቀው ወዳጆን ብቻ ነው፤ ሐጂራን በምትልከው የድምፅ መልእክት ነው የሚያውቃት። «ልጆቼ» ይላቸዋል። ወደ ሥራው ሲጋብዛቸው «ደቦ ነው» ብሏቸው ነበር። በደቦ ደግሞ ማንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለማሳው ግን አብልቶ አጠጥቶ ነው የሚሸኘው። ልጆቹም ይህን የሚያውቁ ናቸውና፣ አንድ ቀን ባለማሳው ዜልቫ ያስበናል ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ሠሩ።

ባለማሳው አሰባቸው። ነገሩ የተበላሸው ያሰባቸው ቀን ነው።

ክላራ የምትባል፣ በፈረንጅ አገር ተቀምጣ የዜልቫን ግሩፖች ሁሉ የምትመራ ሴት፣ የየአገሩን የሞደሬተር አለቆች በቴሌግራም ለድምፅ ስብሰባ ጠራቻቸው። አፈወርቅ ኔትወርክ የሚገኝበትን ቦታ ያውቃል፤ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማንም የሚያየው ሳይኖር ኮቱን ለብሶ ነበር። እንግሊዝኛው ከመጻሕፍት የተለቀመ ቢሆንም ቀስ ብለው ሲናገሩለት ይሰማል።

ክላራ ነገሩን አላስረዘመችውም። ኩባንያው ከእንግዲህ ለበጎ ፈቃድ ሞደሬተሮቹ በየወሩ ሊከፍል አስቧል። ምን ያህል ቢሆን ተገቢ ነው? «በአማርኛው ግሩፕ እንጀምር። አፈወርቅ፣ የአንተ ቡድን ምን ያህል ይፈልጋል?»

እንግዲህ ፍረዱ። በእኛ አገር ሰው በቀጥታ «ስንት ልስጥህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ይህን ያህል» ይላል እንዴ? ምግብ ቀርቦለት እንኳ «አሁን በላሁ» ይላል፤ ጋባዡ «በሞቴ!» ሲል «ኧረ ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ጋባዡ ሊቆጣ ሲደርስ ነው እጁን የሚታጠበው። ማንም ይህን ውሸት አይለውም። አፈወርቅም ኮቱን አስተካክሎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ እንደ ደንቡ መለሰ፤

«እኛ ለገንዘብ ብለን አልሠራንም። ለወገናችን ብለን ነው። ምንም አንፈልግም።»

ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ። ለሁለተኛው «አይሆንም» ሊል ነው። ለሦስተኛው የሚለውን ሁሉ አዘጋጅቷል፤ «እንግዲህ ይህን ያህል ካላችሁ ለእኔ ይቅርብኝ፣ ለልጆቹ ግን ስጧቸው» ሊል ነው። አባባሉ ለራሱም አምሮታል። እውነቱን ለመናገር፣ ቀድሞ የታየው ልጆቹ ገንዘቡን ሲቀበሉ ሳይሆን የስብሰባው ሰው ሁሉ «ይህ እንዴት ያለ ሰው ነው!» ሲል ነበር።

ክላራ «በጣም ደስ ይላል» አለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «እንዲህ ያለ ሰው ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። አመሰግናለሁ አፈወርቅ። እሺ፣ ኢንዶኔዥያ?»

ኢንዶኔዥያዊው ወዲያው «መቶ ሃምሳ ዶላር በወር፣ ለእያንዳንዳችን» አለ። አፈወርቅ «አያፍርም?» አለ በልቡ። ናይጄሪያዊው መቶ ሠላሳ አለ፣ ምክንያቱንም ዘርዝሮ። ክላራ ለጠየቁት ሁሉ መቶ ሃያ ላይ ቆረጠችው። አፈወርቅ ዙሩ ተመልሶ እሱ ጋ እስኪደርስ ጠበቀ። ዙሩ አልተመለሰም። ሁሉም ተሰናባበቱ፤ ስልኩ ዝም አለ፤ እሱ ኮቱን እንደለበሰ ድንጋዩ ላይ ቀረ።

በመልእክት ትጠይቀኛለች አለ። ሰው ፊት መለመን ከብዷት ይሆናል። አንድ ሳምንት ጠበቀ። በሳምንቱ ከክላራ መልእክት መጣ፤ ልቡ ዘለለ። ሲከፍተው በወርቃማ ጽሑፍ ስሙ የተጻፈበት የምስጋና ወረቀት ነበር፤ በግሩፑ ውስጥም ከስሙ ጎን ትንሽ ወርቃማ ኮከብ ተለጠፈችለት። አባላቱ «እንኳን ደስ አለዎት!» ብለው አጥለቀለቁት። እሱም፣ ምን ይደረግ፣ ደስ አለው። ወረቀቱን መሥሪያ ቤት አሳትሞ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

በወሩ መጨረሻ ክፍያ የጀመሩት ግሩፖች ዝርዝር ወጣ። አማርኛ የለበትም። አንድ ሰዓት ሳያልፍ ሐጂራ ጻፈችለት፤

«ጋሼ፣ የእኛ ስም የለም። እርስዎን ጠይቀውዎት ነበር እንዴ?»

አፈወርቅ የአንድ ባለጉዳይ ፋይል ክንዱ ሥር ይዞ ቆሞ ነበር። «አዎ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አሰበው። መቶ ሃያ ዶላር ማለት ከወር ደመወዙ እጥፍ በላይ ነው። ሐጂራ የስፌት መኪና ገዝታ የተማሪ ዩኒፎርም ለመስፋት እንደምታስብ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። «አልፈልግም አልኩልሽ» ተብሎ እንዴት ይነገራል? «አዎ» የሚለውን አጥፍቶ «አልጠየቁኝም። ይደርሰናል፤ ታገሱ» ብሎ ላከ። ባለጉዳዩ «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አለው።

ያን ቀን ለክላራ ሊጽፍ ይችል ነበር። «ንግግሬ ወግ ነበር እንጂ እምቢታ አልነበረም» ማለት ነው፤ አንድ መስመር ነው። ግን ያ ለስላሳ ድምፅዋ ትዝ ይለዋል፤ «እንዲህ ያለ ሰው ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው» ያለችው። ዛሬ ተመልሶ «ገንዘቡን ስጡኝ» ሲል ምን ትላለች? በዚህ ላይ ኮከቧ አለች፤ የግድግዳው ወረቀት አለ። ነገ ነገ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሦስቱ ብቻ በሚገናኙበት ግሩፕ ላይ መጣ። ወዳጆ በድምፅ ነበር የላከው፤ ከበስተጀርባው የራቤል ገበያ ይንጫጫል፤ «ጋሽዬ፣ እኔ አሁንስ ነደደኝ። የኪዮስክ ኪራይ ጨመሩብኝ። ኢንዶኔዥያው በልቶ እኛ የምንቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ሐበሻ ስለሆንን ነው?» ሐጂራ ከሥሩ ጻፈች፤ «ወዳጆ አትቸኩል። ጋሼ፣ እስቲ በደንብ ያስታውሱ። በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ክፍያ ምንም አልጠየቁዎትም?»

«በደንብ ያስታውሱ» የሚለውን ሁለቴ አነበበው። ላቡ መጣ፤ ዘመሮ ላይ፣ በጥቅምት ብርድ።

«ስለ ደንብ ብቻ ነው የተነጋገርነው» ብሎ ጻፈ።

በማግሥቱ ወዳጆ የዓለሙ ሁሉ ሰው ባለበት በዋናው ግሩፕ ገብቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ክላራ ላይ ስድብ አወረደባት። ሐበሻን እንደ አህያ ጭና የምታሠራ፣ የሰው ላብ የምትበላ አላት። ሌላም ጨመረ፤ የማይጻፍ ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተሳደበ ይወጣል። ወዳጆ ራሱ በዚህ ደንብ ስንቱን አስወጥቷል።

ክላራ ለአፈወርቅ ጻፈችለት። ለምን እንዲህ እንዳላት እንዳልገባት፣ እንዳዘነች ነገረችው። «የአንተ ቡድን አባል ስለሆነ ውሳኔውን ለአንተ ትቼዋለሁ። የማላውቀው ምክንያት ካለው ንገረኝ» አለችው።

ምክንያቱ እሱ ነው። ይህን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። በር ተከፍቶለት፣ ግባ ተብሎ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኩን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ ከዚያ የወዳጆን ስም ነክቶ «አስወጣ» የሚለውን ተጫነው። ሁለት ዓመት ግሩፑን የጠበቀ ሰው እንደ ማንኛውም ሌባ ወጣ። ስሙ ከዝርዝሩ ሲጠፋ አፈወርቅ ስልኩን በግምባሩ ደፋው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሐጂራ ደወለች። ደውላለት አታውቅም ነበር።

«ወዳጆን እርስዎ ነዎት ያስወጡት?»

«ደንብ ነው ሐጂራዬ። ምን ላድርግ?»

ሐጂራ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ፣ «ጋሼ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ። ምንም ቢሆን አልቀየምዎትም። ክላራ ስለ ክፍያ ጠይቃዎት ነበር?» አለችው።

«አልጠየቀችኝም አልኩሽ እኮ!» አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። ንጹሕ ሰው ሲጠረጠር እንደሚቆጣው አድርጎ ተቆጣ። እንዲያ አድርጎ መቆጣት መቻሉ ራሱን አስደነገጠው።

«እሺ ጋሼ» አለች ሐጂራ። «ደህና ይደሩ።»

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አለው። ቢሮ ሲገባ የምስጋናው ወረቀት ዓይን ያለው ይመስል ፊቱን ያዞርበታል። አንዱ የሥራ ባልደረባው «ጋሽ አፌ፣ ሰው በነጻ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚከበር!» ብሎ ትከሻውን መታ ሲያደርገው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ የጀመረው ሰውዬ ብቻውን ሆኖ ሲያፍር ይውላል።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ገንጥሎ አነሳና ለክላራ ጻፈ። መዝገበ ቃላቱን አጠገቡ አድርጎ ግማሽ ቀን ፈጀበት። በአገሩ ወግ መጀመሪያ እምቢ እንደሚባል፣ ሁለተኛ እንድትጠይቀው ጠብቆ እንደነበር፣ ወዳጆ የተሳደበው በእሱ ጥፋት እንደሆነ ገለጸላት። ለወዳጆና ለሐጂራ እንዲከፈላቸው ለመነ። አሁን እውነተኛ ልመና ነበር፤ ወግ የሌለበት።

መልሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። «አፈወርቅ፣ ይህን ባለማወቄ አዝናለሁ። እምቢታህ እውነተኛ መስሎኝ ነበር። ለልጆቹም ነግረሃቸው አብራችሁ የወሰናችሁ መስሎኝ ነበር። የዚህ ዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ አልቋል። በሚመጣው ዓመት ቃል ሳልገባ እሞክራለሁ። ወዳጆን መመለስ በአንተ ሥልጣን ነው።»

«ለልጆቹም ነግረሃቸው» የምትለዋ እንደ እሾህ ወጋችው። እውነት ነው፤ ስብሰባ እንዳለው እንኳ ሲነግራቸው «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አላላቸውም። ለካ ያላማከራቸው ንቋቸው ኖሯል። እነሱ ሲሠሩ ልጆቹ፣ ሳይጠየቁ ሲወሰንላቸውም ልጆቹ።

ማታ ለዓለሚቱ ሁሉንም ነገራት። የስድስት ሺህ ብሩን ነገር ሳይቀር። ዓለሚቱ ገብስ እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ለልጅቷ ነገርካት?» አለችው።

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችና ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ቅዳሜ በማለዳ ወደ ሸዋሮቢት ተሳፈረ። መኪናው ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱን ሲይዝ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን አወለቀ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያጠና ነበር። እንዲህ ስላት እንዲህ ብትለኝ፣ እንዲህ እላታለሁ እያለ። ሸዋሮቢት ሲወርድ ያጠናው ሁሉ ጠፋው።

ሱቁን ጠይቆ አገኘው። ሐጂራ ከድምፅዋ ይልቅ ትንሽ ናት፤ ሻሿን በወጉ አስራ ጣቃ ጨርቅ ትለካለች። ስልኳ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስልክ ነበር የምትሠራው፤ አንድም ቀን አልነገረችውም።

«ጋሽ አፈወርቅ?» አለች፣ ገና ሰላም ሲል ድምፁን አውቃ። ተነስታ ወንበር ሰጠችው፤ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣችለት። እናቷ ለሰላት ገብተው ነበርና ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ውኃውን ሳይጠጣ ተናገረ። «ሐጂራ፣ ጠይቀውኝ ነበር። ምንም አንፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ። ለራሴም፣ ላንቺም፣ ለወዳጆም። ከዚያ አልጠየቁኝም ብዬ ዋሸሁ። ወዳጆንም ያስወጣሁት ይህን ደብቄ ነው።»

ሐጂራ ትለካው የነበረውን ጣቃ ጠቅልላ አስቀመጠች። «ወዳጆ ይህን ያውቃል?» አለችው።

«አያውቅም።»

«ይወቀው እንጂ።»

ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቷ ጻፈለት። ረጅም አድርጎ ጀመረው፤ ስለ ወግ፣ ስለ ፈረንጅ አለማወቅ አብራራ። ከዚያ ሁሉንም አጥፍቶ «ክላራ ልትከፍለን ጠይቃኝ ነበር። ሳላማክራችሁ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በእኔ ጥፋት ተሳደብክ፤ በእኔ እጅ ተባረርክ። ይቅር በለኝ» ብሎ ላከ። ወዳጆን ወደ ግሩፑ መለሰው። በዋናው ግሩፕም ጥፋቱ የእሱ እንደነበር በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ወርቃማዋን ኮከብም ክላራ እንድታነሳለት ጠየቀ።

ሲጨርስ ቀለል አለው። ውኃውን አንስቶ ጠጣ። ሰው ቀለል ሲለው ደግሞ ምላሱ ይፈታል፤ ያ መንገድ ላይ የጠፋው ሰበብ ተመልሶ መጣለት።

«እኔ እኮ እውነተኛ እምቢታ አልነበረም ያልኩት ሐጂራዬ። የእኛን ነገር ታውቂው የለ? አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ብትጠይቀኝ፣ ሦስተኛ ብትጠይቀኝ ኖሮ . . .»

ሐጂራ ቀና ብላ አየችው። ሳትናገር ስልኳን አነሳች፤ በተሰነጠቀው መስታወት ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄዳ አንድ መልእክት ከፍታ ሰጠችው። የክላራ ነበር። «መሪያችሁ ትናንት ስብሰባ ላይ ምንም ክፍያ እንደማትፈልጉ ሲናገር ልቤን ነካው። ላንቺም ምስጋናዬ ይድረስሽ» ይላል። ቀኑን አየው። የስብሰባው ማግሥት ነው። ዝርዝሩ ከመውጣቱ ከሦስት ሳምንት በፊት፤ እሷ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመጻፏ በፊት።

«ታውቂ ነበር?» አለ።

«አውቅ ነበር። ወላሂ ስለ ገንዘቡ አንድ ቀን ነው ያለቀስኩት። ሰው ነው፣ ይሳሳታል አልኩ። ከራስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ወዳጆ ያን ሁሉ ሲሆን ሳልነግረው መቅረቴ እኔንም ያሳፍረኛል።» ስልኩን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደች። «እሷ አንድ ጊዜ ነው የጠየቀችዎት ጋሼ። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁዎት።»

ከውጭ አንዲት ሴት ገብታ የነጠላ ጥለት ጠየቀች፤ ሐጂራ ተነስታ አወረደችላት፤ ዋጋ ተከራከሩ። አፈወርቅ ጋቢውን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሴትዮዋ ገዝታ እስክትወጣ ድረስ ተቀመጠ። ስትወጣም አልተነሳም፤ ቢነሳ ሐጂራን ማየት ሊኖርበት ነውና።